ሰባት፣ ዘጠኝ

በሐምሌ እኩሌታ፣ ከፖስታ ቤት ወጥቼ፣
ጃንጥላ ስዘረጋ፣ አንዱን ደረጃ ስቼ፣
ቀጭ አለ ቅልጥሜ።
ቀድሞ የመጣው ድምፁ ነው፤
ሕመሙስ እንደ ደብዳቤ ነው፣
ዘግይቶ ደረሰ፤ ሲደርስ ግን ጊዜ አልፈጀም፣
ማህተሙን ራሱ መታ፤ ፈርሚ እንኳ አላለኝም።

አንድ ዘንግ፣ አራት ብሎን፤ በክራንች ሁለት ወር።
ከዚያ ሐኪሙ ጻፈ፦ «ፊዚዮቴራፒ ትጀምር፣
በሳምንት ሦስት ቀን።»
ወንድሜ አዛናው ወረቀቱን ገልብጦ በጀርባው ሒሳብ ሠራ፦
«ከማራኪ እስከ ሆስፒታል፣ ባጃጅ በኮንትራት፣
ደርሶ መልስ፣ ሲባዛ በአሥራ ሁለት፣
ይሄ እኮ የበግ ዋጋ ነው፤ ያውም የፋሲካ!
ጉልበት እቤት አይታጠፍም? ሰው መንካት አለበት ለካ!»

እውነት አለው። ሞከርን።
አንድ ኪሎ ጨው መዝኖ ካልሲ ውስጥ ቋጠረ፣
ከቁርጭምጭሚቴ ላይ በሻሽ አሰረ፣
ከጎማ ጠጋኙ ደጅ የከመነዳሪ ቁራጭ ለምኖ፣
ካልጋው እግር ጠመጠመው፣ ለራሱ ሐኪም ሆኖ።

ቤት ግን ያባብላል።
ሰባት ስል ወጥ ያርራል፣ ስምንት ስል በር ይንኳኳል፣
ዘጠኝ ለነገ ያድራል፣
አሥርን ደግሞ ማን አየው?
ገመናን የከደነ ጣራ፣ ስንፍናዬንም ከደነው።
ጉልበቴ ልቤን ያውቃል፤ ገና «አመመኝ» ሳልለው
«ይብቃሽ» ይለኛል፣ እንደ እናት።
ስድሳ ዲግሪ ላይ ቆመ፣ እንደ ዛገ የበር ማጠፊያ ብረት።

በጉን ሸጥን እንበል። ሄድኩ።

ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ሁለት ትይዩ ብረት፣
ሳነክስ አብሮ የሚያነክስ ይሉኝታ ቢስ መስታወት፣
ክንዷ ቀጭን፣ ቃሏ ወፍራም፣ ፊዚዮቴራፒስቷ ብርነሽ፦
«ተረከዝ! ተረከዝ ይቅደም! ሲሚንቶ ነው፣ አይነክስሽ!»

ከጎኔ ጋሽ የሽዋስ፣ የከባድ መኪና ረዳት፣
ጭናቸው ሁለት ቦታ የተሰበረ፣ በመተማ መንገድ፣ አንድ ሌሊት።
ሲቆጥሩ እሰማለሁ፦ ስድስት፣ ሰባት፣ ዘጠኝ።
«ጋሼ፣ ስምንት የት ሄደ?»
«ስምንትማ መተማ ቀረ፤ አንቺ ደግሞ አትቆጣጠሪኝ!»
ከዚያ ወዲህ ተፎካከርን። እሳቸው ሰባ ሲያጥፉ፣ እኔ ሰባ አምስት፣
እኔ ሰማንያ ስል፣ እሳቸው ጥርስ ነክሰው ሰማንያ ስምንት።
«ይኸው ተገኘ!» አለች ብርነሽ።

በአምስተኛው ሳምንት ብረቱ ላይ ብቻዬን ነበርኩ።
አዘዞ ሩቅ ነው፤ ባጃጅ ጨምሯል። «ደውይላቸው» ብዬ ብርነሽን ለመንኩ።
«እቤት እሠራለሁ» አሉ።
ያን ቃል አውቀዋለሁ። ጨው ጨው ይላል።

የኔም ቀን ደረሰ። ብርነሽ ወረቀት ሰጠችኝ፣
ራሰ በራ ሰውዬ በሥዕል እግሩን የሚያነሳበት፣
«ከእንግዲህ እቤትሽ» ብላ እስከ በር ሸኘችኝ።
አለቀስኩ።
ከባጃጅ ዋጋ የተገላገለ ሰው ያለቅሳል?

አሁን ማታ ማታ፣ አንድ ሰዓት ላይ፣ ስልኬ ይጮሃል።
«ጨውሽን አሰርሽ?»
«አሰርኩ። እርስዎስ፣ ወንበሩን ያዙ?»
ስልኩን ትራስ ላይ እናስቀምጣለን፣
እኔ ማራኪ፣ እሳቸው አዘዞ፣
አንድ እንላለን፤ ሁለት፤
ኔትወርክ ሲቆራረጥ አራት ሁለቴ ትመጣለች፤
ወጥ ያርራል፣ ይረር፤ በር ይንኳኳል፣ ይንኳኳ።

አዛናው ይጠይቀኛል፦ «ታዲያ የቱ አዳነሽ?
ሆስፒታሉ ወይስ ቤቱ? ያን ሁሉ ብር አውጥተሽ!»
መልስ የለኝም። መቶ አሥር ደርሻለሁ፤ ሃያ ምናምን ይቀረኛል፤
የፖስታ ቤቱን ደረጃ ገና ግድግዳ ይዤ፣
አንድ አንዱን፣ እንደ ሕፃን ነው የምወርደው።
«ዝም በል» አልኩት፣ ጣቴን ወደ ስልኩ ቀስሬ።
ሰባት ብለዋል፤ ትንፋሻቸው ይሰማል፤
ስምንትን እኔ እላታለሁ።